የገመቹ ውሃ እና የእኔ ውሃ

ዛሬ ጠዋት ሱሉልታ ሄጄ ራሴን አዋርጄ ተመለስኩ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ለመዋረድ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎም ይሳካለታል። እኔ ግን ከሰበታ ተነስቼ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ነው የተዋረድኩት።

የሄድኩት ገመቹ ዘንድ ነው። ገመቹ አብሮኝ የተቀጠረ፣ አብሮኝ ያረጀ፣ አብሮኝ ጡረታ የወጣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አሁን ሱሉልታ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ያለ የባሕር ዓሣ ገንዳ ይንከባከባል። ስደርስ የውሃውን ፎስፌት እየለካ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ይቀዳል፣ ዱቄት ይጨመርበታል፣ ይናጣል፣ ጥቂት ይጠበቃል። ሰማያዊው እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ፎስፌቱ በዝቷል፣ ውሃው ተበላሽቷል ማለት ነው።

«እስቲ አንተ አንብብልኝ፤ የእኔን ዓይን ሞራ ጋርዶታል» አለና ብልቃጡን ሰጠኝ።

ቀለም በቀን ብርሃን ነው የሚነበበው ብዬ እየተኮፈስኩ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ከፍ አድርጌ አየሁት፤ ጠቁሯል። ደግሜ አየሁት፤ የባሰ ጠቁሯል። ልቤ ዘለለ። በደስታ ነው የዘለለው፤ ምን እዋሻለሁ? እዚያው ቆሜ ለሚስቴ ደወልኩ።

«አስካለ፣ የገመቹ ውሃ ተበላሸ!»

«እና ምን ላድርግልህ? ስትመለስ ሽንኩርት ይዘህ ና።»

እሷ ደስታዬን ስላልተካፈለች አለቃዬ ሐጂ ሙስጠፋ ዘንድ ደወልኩ። ቡራዩ ያለው ሆቴል ባለቤት ናቸው፤ እኔ የምንከባከበው ገንዳ የሳቸው ነው። የገመቹን ውሃ መበላሸት በኀዘን ድምፅ ነገርኳቸው። ኀዘኑ አልሠራም መሰለኝ፣ «ጋሽ መኩሪያ፣ ስለ ሰው ውሃ ሲያወሩ ድምፅዎ የወጣት ይሆናል» አሉኝ።

ይህን ጊዜ ገመቹ ከኋላዬ ቆሟል። «መነጽርህን አውልቀህ እየው እስቲ» አለኝ።

ልጄ ባለፈው ወር የገዛችልኝ መነጽር ፀሐይ ሲነካው የሚጠቁር ዓይነት ነው። አወለቅሁት። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ውሃ ከዝናብ ውሃ የሚለይ አልነበረም።

ገመቹ ብልቃጡን ከእጄ ወስዶ አጠበው። አለመናገሩ ነው ሁልጊዜ የሚገድለኝ። ወደ ሰበታ ስመለስ ታክሲ ውስጥ አሰብኩበት። በዚህ ወር መጨረሻ የቡራዩን ሥራ አስረክቤ ለሁለተኛ ጊዜ ጡረታ እወጣለሁ። ሌላ ሰው የሥራ ዘመኑን ሲጽፍ ያገኘውን ሽልማት ይቆጥራል። እኔ የቀናሁባቸውን ቀኖች ብቆጥር ይሻላል፤ ብዙ ናቸው፣ በደንብም አስታውሳቸዋለሁ።

የመጀመሪያው የተቀጠርንበት ቀን ነው። ሰበታ የዓሣ ኩሬዎች በነበሩበት መሥሪያ ቤት እኔና ገመቹ በአንድ ጠዋት ገባን። ደመወዛችን አንድ፣ ደረጃችን አንድ። ቱታ ሲታደለን ግን የእሱ ልክ በልኩ ሆነለት፤ የእኔ እግሩ ተርፎ መሬት ይጠርግ ነበር። ሱሪዬን እየሰበሰብኩ በኩሬ ዳር ስራመድ ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ገመቹ አልሳቀም። ያን ጊዜ ጀምሬ ጠላሁት።

አለቃችን ኦቦ ዲሪባ ይባላሉ። ትምህርታቸው ብዙ አልነበረም፤ ውሃ ግን ያነባሉ። ጠዋት ማንም ሳይደርስ ኩሬው ዳር ቁጢጥ ይላሉ፤ የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ትከሻ ይጠቀልሉና ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ውሃው ይሰዳሉ። ክርናቸው ሳይሰጥም ጣቶቻቸው ከጠፉ ውሃው ከልክ በላይ አረንጓዴ ሆኗል፤ ማዳበሪያ ይቁም። ክርናቸው ሰጥሞም ጣቶቻቸው ከታዩ ውሃው ተርቧል፤ ይጨመርለት። ኩሬ እንዲያረንጉድ የምንፈልገው የምናረባው ዓሣ፣ ቆሮሶው፣ አረንጓዴውን ስለሚበላ ነው። ለማረንጎድ ደግሞ ፎስፌት ያስፈልጋል፤ ዳፕ እንበትናለን፣ የዶሮ ኩስ እንበትናለን፣ ዳፕ ሲጠፋ ከቄራ የመጣ የከብት አጥንት ፈጭተን እንበትናለን። አጥንት ማለት ፎስፌት ነው። ይህችን ነገር እባካችሁ ያዙልኝ፤ እኔ አልያዝኳትም።

ኦቦ ዲሪባ አንድ የማይታጠፍ ሕግ ነበራቸው። ከኩሬዎቹ መግቢያ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ወደ ውሃ የሚገባ ማንኛውም ነገር መጀመሪያ እዚያ ላይ ይቀመጣል። መኖም ቢሆን፣ ኖራም ቢሆን፣ የታጠበ መረብም ቢሆን። ሁላችንም ቆመን እናየዋለን፣ በእጃችን እንፈትጋለን፣ እናሸተዋለን፤ ከዚያ ይገባል። አንድ ቀን የችኮላ ነገር ሆኖ አንድ ባልዲ ኖራ ድንጋዩን አልፌ ቀጥታ ኩሬ ውስጥ ደፋሁ። ኦቦ ዲሪባ አልተቆጡም። ባዶውን ባልዲ ከእጄ ተቀብለው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡና ሠራተኛውን ሁሉ ጠርተው «ኑ፣ መኩሪያ የደፋውን ነገር እዩ» አሉ። ሰው ሁሉ ተሰልፎ ባዶ ባልዲ አየ። ሽታውንም ያሸተቱ ነበሩ።

ገመቹን «ኢልማ ኮ» ይሉታል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔን «አንተ መኩሪያ»። አንድ ቀን «ኢልማ ኮ» ይሉኝ እንደሆን ብዬ ኦሮምኛዬን አሻሻልኩ፤ ተፍኪ ገበያ ድረስ እየሄድኩ ከነጋዴ ጋር ተለማመድኩ። አንድ ጠዋት ሙሉ በኦሮምኛ ሪፖርት አቀረብኩላቸው። ጨርሰው ሰሙኝና በአማርኛ «አንተ መኩሪያ፣ ጎበዝ» አሉኝ።

ቀጥሎ ወደ ስምጥ ሸለቆ ተዛወርኩ። የዝውውሩን ወረቀት ታሪክ አልተርክም፤ ዋናው ነገር ገመቹ ከኦቦ ዲሪባ ጋር ቀረ፣ እኔ ሄድኩ። እዚያ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነው፤ የሰዉን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲብስ አጥንት ያጎብጣል። መድኃኒቱ የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት በምድጃ ይቃጠላል፣ ይደቃል፣ ይታጠባል፣ በርሜል ውስጥ ይሞላል፤ ውሃ በላዩ ሲያልፍ ፍሎራይዱን ይይዘዋል። አቃጠሉ ግን ሙያ አለው። ከጠቆረ ውሃው ይሸታል፤ ጭርሱን ከነጣ ኃይሉ ያልቃል። ግራጫ ሆኖ፣ ምላስ ላይ ሲያስነኩት ጥብቅ ብሎ የሚይዝ መሆን አለበት። በዚህ ሥራ አንደኛ ሆንኩ። ስንት አጥንት እንደላስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ውሃ የሚቀዱ እናቶች ሲያዩኝ ይመርቁኝ ነበር፤ የኔን ምላስ ያዩ ውሾችም ይከተሉኝ ነበር።

በሥራ ዘመኔ ገመቹ የማያውቀውን አንድ ነገር ያወቅሁት እዚያ ነው። ይህ ነገር ለእኔ ምን ያህል እንደሆነ የቀና ሰው ብቻ ይረዳል።

ሰበታ ስመለስ ኦቦ ዲሪባ አርፈው፣ ገመቹ በቦታቸው አለቃ ሆኖ ቆየኝ። እስከ ጡረታችን የፈቃድ ወረቀቴን የፈረመልኝ እሱ ነው። አይጮህም፣ አይሳደብም። ስሳሳት ድንጋዩ ጋ ሄዶ ይቆማል፤ በቃ።

ከጡረታ በኋላ ሐጂ ሙስጠፋ ፈለጉኝ። ሐጂ በልጅነታቸው ቀይ ባሕር ዳር ያደጉ፣ ኋላም ጅዳ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቡራዩ ሆቴል ሲሠሩ መግቢያው ላይ ከባሕሩ ትንሽ እንዲኖራቸው ፈለጉ። የጨው ውሃ፣ ባለ ቀለም ዓሣ፣ ከሁሉም በላይ ኮራል። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ቀስ እያለ ያድጋል፣ በጥቂት ነገር ይሞታል። ሐጂ ከአሥር ሰዓት ሶላት በኋላ ገንዳው ፊት ባለች አንዲት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በዚያች ወንበር ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ዕድሜ ልኬን ፎስፌት ስበትን የኖርኩ ሰው ፎስፌት የማይወድ ውሃ ተሰጠኝ። ኮራል ፎስፌት ሲበዛበት ማደግ ያቆማል፣ ቀለሙ ቡናማ ይሆናል፤ በላዩ ላይ አረንጓዴ ጸጉር የመሰለ አልጌ ይበቅላል። ገመቹ የሱሉልታውን ገንዳ ከእኔ በፊት ጀምሮ ስለነበር ሄጄ ጠየቅሁት። የሚያደርገውን ሁሉ አሳየኝ። ለዓሦቹ የሚሰጠውን በበረዶ የተቀመጠ ሽሪምፕ ሲያቀልጠው የሚወጣው ጭማቂ ፎስፌት ስለሆነ በወንፊት ያጥበዋል፤ መኖ የሚሰጠው በቁንጥጫ ነው፤ ገንዳ የሚገባውን ውሃ አስቀድሞ ያጣራል። ምንም አልደበቀኝም። ሰው ምንም ካልደበቀ የደበቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ ደመደምኩ። እኔም የራሴ ምስጢር ያስፈልገኛል አልኩ።

ምስጢሬ ታውቋችኋል። የአጥንት ከሰል አቃጥዬ፣ በጥሩ ጨርቅ ከረጢት ሰፍቼ፣ የገንዳው ማጣሪያ ውስጥ አስቀመጥኩ። ውሃው እንደ መስታወት ጠራ። ሐጂ «ማሻአላህ» አሉ። ከሁለት ወር በኋላ አልጌው ብቅ አለ። ብልቃጡ ሰማያዊ ሆነ። እኔም ማጣሪያው አቅም አንሶታል ብዬ ሁለተኛ ከረጢት ጨመርኩ። ሰማያዊው ጠቆረ። ሦስተኛ ጨመርኩ። መኖ ቀነስኩ፣ ሽሪምፕ አጠብኩ፣ ዓሦቹ እስኪከሱ አስራብኩ። አራተኛ ከረጢት ጨመርኩ።

ሐጂ አንድ ቀን ከወንበራቸው ሳይነሱ «ጋሽ መኩሪያ፣ እኔ ያልኩት ባሕር ነበር፤ ይሄ ጨፌ ሆነ። ለምን ኦቦ ገመቹን አንጠራም?» አሉኝ።

«ያስፈልጋል ብለው ነው?»

«እርስዎ አያስፈልግም ካሉ ለምን እንደማያስፈልግ ይንገሩኝ።»

ገመቹ በማግስቱ ሊመጣ ሆነ። እኔ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ አራቱን ከረጢት ከማጣሪያው አወጣሁና አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ ከሳሙናው ጀርባ ደበቅኋቸው። ችግሩ እነሱ ናቸው ብዬ አይደለም። ይህ ሐሳብ በጭራሽ አልመጣልኝም። የደበቅኋቸው ገመቹ ሙያዬን እንዳይወስድብኝ ነው።

ገመቹ እጅጌውን ጠቅልሎ ድንጋዮቹን ዳሰሰ፣ መኖውን አሸተተ፣ ወንፊቱን አየ፣ የጨው ከረጢቱን አገላበጠ። ግራ ገባው። ዕቃውን ሁሉ ወለሉ ላይ ደርድሮ አየኝ።

«መኩሪያ፣ ወደዚህ ውሃ የሚገባው ይሄ ብቻ ነው?»

«ይሄ ብቻ።»

«ሌላ ምንም?»

«ሌላማ ምን ይኖራል? አላመንከኝም?»

«ላኪ፣ ኧረ የለም፣ አምንሃለሁ» አለኝ። አላምንህም ቢለኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ መከረኝ። ፎስፌት የሚይዝ፣ የዛገ ብረት ፍርፋሪ የሚመስል ማጣሪያ አለ። «አንድ እፍኝ ብቻ አስገባ፤ ሳምንት ቆይተህ ለካ፤ ከዚያ ሌላ እፍኝ። ኮራል የለመደው ነገር ባንዴ ሲጎድልበት ይደነግጣል» አለኝ። ብረቱን ከራሱ ዕቃ አምጥቶ ሰጠኝና ሄደ።

ከረጢቶቹን መለስኩ። ከዚያ ብረቱን ሁሉ ባንድ ጊዜ ገለበጥኩት። የገመቹ ውሃ ብልቃጥ ላይ ፈዛዛ ሰማያዊ ነበር፤ የእኔ ከእሱም እንዲፈዝ ፈለግሁ። ሳምንታት ሳልጠብቅ፣ ለአርብ እንዲደርስ። አርብ ዕለት በእርግጥ ፈዘዘ። ቅዳሜ የኮራሎቹ ሥጋ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይገፈፍ ጀመር። እሑድ ነጭ አጥንት ብቻ ቀረ። ሐጂ በሰዓታቸው መጥተው ተቀመጡ። ገንዳውን አይተው «ኢና ሊላሂ» አሉ፤ ለሰው ሞት የሚሉትን። እኔን አላዩኝም።

ሰኞ ገመቹ መጣ። ገንዳውን አይቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ዋቃዮ! ብረቱ ነው። እኔ ነኝ አስገባ ያልኩህ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ይህን ያህል ከጻፍኩ አይቀር የባሰውንም ልጻፍ፤ ደስ አለኝ። ከቱታው ቀን ጀምሮ ገመቹ ተሳስቶ ማየት ስመኝ ኖሬ ነበርና፣ የተሳሳተው እኔ ብሆንም ደስ አለኝ።

ደስታው አንድ ሳምንት ቆየ። በሳምንቱ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ ጥቂት የአጥንት ከሰል በንጹሕ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነክሬ አሳደርኩና ለካሁት። ብልቃጡ እንደ ትምህርት ቤት የብዕር ቀለም ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። በዚያች ሰዓት የሰበታ ኩሬዎች፣ የቄራው አጥንት፣ የኦቦ ዲሪባ ክንድ ሁሉም ባንዴ መጡብኝ። ኩሬ ለማረንጎድ ስበትነው የኖርኩትን ነገር በጨርቅ ሰፍቼ፣ ኮራል ላድን ብዬ፣ ስጨምር ከርሜያለሁ። ከረጢቶቹን ጓሮዬ ዘረገፍኳቸው። ያን ዓመት ጎመናችን ጃንጥላ አከለ። አስካለ «ይሄ ጎመን ምን በልቶ ነው?» እያለች ለጎረቤት ስታድል ከረመች። እኔ መብላት አልቻልኩም።

ሐጂ አላባረሩኝም። ገንዳውን ከባዶ ጀመርኩት። አንድ ቀን ገመቹ በፕላስቲክ ጠርሙስ የጨው ውሃ ይዞ፣ እንዳይበርደው በጋቢው ጠቅልሎ መጣ። ውስጡ ከራሱ ገንዳ የቆረጠው ሐምራዊ ኮራል ነበር፤ አውራ ጣት የሚያህል። «ካሳ ነው። በሱ ጀምር» አለኝ። ተቀበልኩት። አመሰገንኩትም። እንዴት ያለ ፊት እንዳለኝ እዩት።

ሦስት ዓመት ሆነው። ያ ቁራጭ አሁን ከሁለት እጄ መዳፍ ይሰፋል፤ ጫፉ ሁሉ ሐምራዊ ነው። ከገመቹ ኮራልም ይበልጣል፤ ስለካው ነው የምኖረው።

ከወር በፊት ሥራ እንደማቆም ልነግረው ሱሉልታ ሄድኩ። እሱም እንደሚያቆም ነገረኝ። ምክንያቱን ጠየቅሁት።

«ባለፈው አንድ ሰው ከጫንጮ መጣ። ዓሣ ሊያረባ ነው፤ ምከረኝ አለኝ። አልችልም ብዬ መለስኩት።»

«አንተ? ስለ ቆሮሶ?»

«ከቡራዩው ወዲህ ሰው መምከር ፈራሁ። አንድ እፍኝ ያልኩት ነገር ያን ሁሉ ከገደለ፣ እኔ የማውቀው ምኑን ነው? ኦቦ ዲሪባ ያስተማሩኝን ሳስበው ራሱ እጠራጠራለሁ።»

ስቀና የኖርኩት በዕውቀቱ ነበር። ያንኑ ዕውቀት በዝምታዬ ነጥቄዋለሁ፤ ለእኔም አልሆነኝ። ሳላስበው አፌ ተከፈተ። ከረጢቶቹን ነገርኩት። የአንሶላውን ክፍል ነገርኩት። ብረቱን በአንድ ጊዜ እንደገለበጥኩት ነገርኩት።

ገመቹ የያዘውን ወንፊት አስቀመጠ።

«ከረጢቱ ውስጥ ምን ነበር አልከኝ?»

«የአጥንት ከሰል።»

«የከብት አጥንት?»

«የከብት።»

«ኩሬ የምናረንጉድበት?»

«እሱው። የተቃጠለው።»

ሳቀ። እንባው እስኪወርድ፣ ግድግዳ እስኪደገፍ ሳቀ። እኔም አብሬው ጀመርኩ። ከዚያ የእሱ ቆመ፤ የእኔ ብቻውን ቀረ።

«ሦስት ዓመት፣ መኩሪያ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። አንተ ጎመን ስትተክል እኔ ያንን ገንዳ በህልሜ ሳየው ነው የከረምኩት።» ፊቱን አዞረብኝ። «ሐጂም ከአፍህ ይስሙ። የጫንጮውንም ሰው ስልኩን እሰጥሃለሁ፤ ደውለህ ገመቹ ይመክርሃል በለው። ያንን ቁራጭ ደግሞ መልስልኝ።»

«ኮራሉን?»

«ካሳ የሚከፍል ያጠፋ ሰው ነው። እኔ ምን አጠፋሁና?»

«አድጓል እኮ፤ አሁን…»

«ያደገው ያንተ ይሁን። የሰጠሁህን ያህል ብቻ መልስ።»

ለጫንጮው ሰው ደወልኩ፤ አሁን በየሳምንቱ ሱሉልታ እየመጣ ገመቹን በጥያቄ ያደርቀዋል። ለሐጂም ነገርኳቸው። «እንዲህ ከሆነ ኦቦ ገመቹ ይምጡ፤ እዚህ ይቀመጡ» ብለው ከወንበራቸው ተነሱ። ባለፈው ሳምንት መጥቶ ተቀመጠባት። እኔ ስንት ዓመት ከጎኗ ቆሜ ኖሬያለሁ።

የቀረችኝ ዕዳ ቁራጯ ናት። መቁረጫውን አጥቤ አዘጋጅቻለሁ። በየቀኑ ገንዳው ጋ እሄዳለሁ፤ ይህኛው ጫፍ ያምራል ብዬ እተወዋለሁ፣ ያኛው ገና ልጅ ነው ብዬ እተወዋለሁ። ሥራ ላስረክብ የቀሩኝ ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አውራ ጣት የሚያህል ነው ያለብኝ፤ እሱን አልክድም። የማን አውራ ጣት እንደሆነ ግን አልተነጋገርንም፤ የገመቹ ከእኔ በጣም ይወፍራል።